የካሜራው ገመድ የት ገባ?

ጥቅምት 9

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼና ለምሳሳላት አክስቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ? የጋሼ ጉልበት፣ የአክስቴ ዓይን፣ የደጁ በር ማጠፊያ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኔ በደህና ገብቻለሁ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆት በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም። በስልክ ብነግራችሁ ይቀል ነበር። ግን ስልክ ስደውል እናንተ «ደህና ነን» ትላላችሁ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይንጫጫና ይቋረጣል። ስለዚህ እንደ ድሮው በደብዳቤ ይሁን ብያለሁ።

መቼም ሳታዩት አልቀራችሁም፤ ካሜራዬን ረስቼ ሄጃለሁ። ታክሲው ደጅ ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፣ አክስቴ የሞላ ሻንጣ ላይ ሌላ ሹራብ ልትጨምር ትታገላለች፣ ጋሼ «ተዪ፣ ዚፑ ይበጠሳል» ይላሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር ካሜራው አልጋዬ ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ ቀረ።

በፖስታ አትላኩት። መስታወት ስለሆነ መንገድ ላይ ይሰበራል። የምፈልገው በውስጡ ያሉትን ፎቶዎች ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ የእርስዎ ነው ጋሼ። ከጓሮ ክፍሏን የተከራየችው ጸሐፊ ኮምፒውተር አላት አይደል? የካሜራው ቦርሳ ውስጥ አጭር ጥቁር ገመድ አለ። ቀጭኑን ጫፍ ካሜራው ጎን ላይ ባለችው ቀዳዳ፣ ጠፍጣፋውን ጫፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት። ካሜራውን ያብሩት። የቀረውን ጸሐፊዋ ታውቀዋለች፤ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባና በሲዲ ትገለብጥልዎታለች። ሲዲውን በሁለት ካርቶን መሃል አድርገው ይላኩልኝ።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ። የምሠራው ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አንሶላ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን። መስኮት የለውም። አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ሁሉ አልጋቸው ራስጌ የሰው ፎቶ ለጥፈዋል፤ የእኔ ግድግዳ ግን ባዶ ነው። አንዷ «አንቺ ከእንቁላል ነው እንዴ የተፈለፈልሽው?» አለችኝ። አብሬያት ሳቅኩ፤ በኋላ ግን ተከፋሁ።

ከሁሉም የምፈልገው አንዱን ነው። አክስቴ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ምላሷን ከከንፈሯ ዳር አውጥታ፣ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ስትታገል ያነሳኋት አለ። በካሜራው ትንሽ መስታወት ላይ ፊቷ የምስር ፍሬ ነው የሚያክለው። በትልቁ ላየው እፈልጋለሁ።

ጉልበታችሁን እስማለሁ።

ያሳደጋችኋት ድንቢጥ


ኅዳር 6

ይድረስ ለልጃችን ለድንቢጥ፤

ሰላምታችን ካለሽበት ይድረስሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። እኛ አለን። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከረፋዱ በፊት አይከፍትም። አክስትሽ ሩቅ ማየት ተስኗታል፤ የእኔን ጥፋት ግን ከሁለት ክፍል ማዶ ታያለች። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። የመርፌው ፎቶ ጋ ስደርስ «ምላሴን አውጥቼ? ያንን ለሰው ልታሳይ ነው?» ብላ ተቆጣች። ጥቂት ቆይታ እስቲ እንደገና አንብበው አለችኝ።

ሥራውን ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ጀመርኩ። እንደምታውቂው ዕድሜዬን በሙሉ ቧንቧ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ገመዱን ገና ሳየው ነገሩ ገባኝ፤ ቀጭን ቧንቧ ማለት ነው። አንድ ነገር ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እንዲሄድ ከተፈለገ ሰጪው ከፍ፣ ተቀባዩ ዝቅ ማለት አለበት። ስለዚህ ካሜራውን ወስጄ የጸሐፊዋ ቁም ሳጥን ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ገመዱ አልደረሰም። ኮምፒውተሩን ወደ ላይ እናንሳው ብንል ደግሞ ዳገት ሊሆንበት ነው። ጸሐፊዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ወንበሯ ላይ መቀመጥ እስኪያቅታት ድረስ።

«አባባ፣ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡትም እኮ ይሠራል» አለችኝ።

«ይሠራ ይሆናል፤ ግን በዝግታ ነው» አልኳት።

ከቁም ሳጥኑ አውርጄ ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። እሷም የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ጀምራ ስለነበር ቅዳሜ ይምጡ አለችኝ።

ቤት ስገባ አክስትሽ ምን ሠራህ ብላ ጠየቀችኝ። በሙያዬ አስረዳኋት። ካሜራው የላይኛው ታንከር ነው፣ ኮምፒውተሩ የታችኛው፣ ገመዱ ሲገጠም ፎቶው ወደ ታች ይወርዳል አልኳት።

«የላይኛውስ?» አለች።

«የላይኛውማ ይደርቃል። ምን ሊቀርበት ኖሯል?»

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ቅዳሜ ቦርሳውን ስከፍተው ገመዱ የለም። አልጋ ስር ገባሁ፣ መሳቢያ ገለበጥኩ፣ የጸሐፊዋን ክፍል ሳይቀር አስፈተሽኩ። አክስትሽም አብራኝ ፈለገች፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ ጮክ ብላ ነው የፈለገችው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሄድሽ ጀምሮ፣ እኔ ጸሐፊዋ ጋ ከወሰድኩት ቀን በቀር፣ ያ ካሜራ ከመደርደሪያው ርቆ አያውቅም። በየጠዋቱ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግና እዚያው ትመልሰዋለች። ጎረቤት «ልጅቷ መቼ ትመጣለች?» ሲላት «ዕቃዋን ረስታ ሄዳለች፤ ዕቃ የረሳ ሰው ይመለሳል» ትላለች። እህቷ፣ እናትሽ፣ አንቺን በጨቅላነትሽ ትታብን ካረፈች ወዲህ አክስትሽ ከእጇ የወጣ ነገር ሁሉ ያስፈራታል። እኔም በዚህ አልቀልድባትም።

ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጪው? በመጪው ዓመት ብለሽ ነበር። ወሩን ብትነግሪን ጥሩ ነው፤ ክፍልሽን ቀለም ላስቀባው አስቤያለሁ።

የአክስትሽ ባል፣ ጋሼሽ


ታኅሣሥ 2

ይድረስ ለምወድዎ ጋሼና ለአክስቴ፤

በያላችሁበት ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። ቤቱ ሙሉ፣ ደጁ ሰላም ይሁን። ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ፣ የማድረቂያው ማሽን ጀርባ ተደግፌ አነበብኩት። ቁም ሳጥኑ ጋ ስደርስ ለብቻዬ ስስቅ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አለቃችን «ሰክረሻል» እንዳትለኝ ብዬ የደብዳቤውን ወረቀት ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ጋሼ፣ ነገሩ እንደ ውሃ አይደለም። እንደ ወሬ ነው። ባለ ሱቋ ጎረቤታችን የሰፈሩን ወሬ ለአክስቴ ስትነግራት ከእሷ ይጎድላል? እንዲያውም ለሦስተኛ ሰው ስትነግር ይጨምርላታል። ፎቶውም እንደዚያው ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ከካሜራው አይጎድልም፤ እዚያም ይኖራል፣ እዚህም ይኖራል። ይህን ለአክስቴ አደራ ይንገሩልኝ።

ገመዱ ካልተገኘ ሌላ ዘዴ አለ። ካሜራውን ከስሩ ሲከፍቱት አውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ካርድ አለች። ፎቶዎቹ ያሉት እሷ ላይ ነው። በጣትዎ ጫን ሲያደርጓት ብቅ ትላለች። ፎቶ ቤት ቢወስዷት እነሱም ሊገለብጡልዎት ይችላሉ። ሁሉም ይቅርብኝ፣ የአክስቴ የመርፌዋ ብቻ ትድረሰኝ።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። እኛ ግን ምድር ቤት እንፋሎት ውስጥ ስለሆንን ስንወጣ ነው የምናውቀው። ከእንፋሎቱ ወጥቼ መንገዱ ላይ ስቆም የረጠበው ልብሴ ወዲያው በብርዱ ይገግራል። የአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ዳቦ ቤት አለ፤ አንዲት ሴትዮ መስኮቱን ስትወለውል አያታለሁ፣ ትከሻዋ ከኋላ ሲታይ የአክስቴን ይመስላል። አንድ ቀን ዞረች። የማላውቃት ሴት ናት፤ ምን ሆነሽ ነው የምታይኝ በሚል ዓይን አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስለ መምጣቴ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ። ቀለሙን ግን አሁን አያስቀቡት።

ድንቢጥ


ጥር 25

ይድረስ ለልጄ ለድንቢጥ፤

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ እንዳይጎዳሽ፣ ደረትሽን ሸፍኚ። ጣሪያሽ አያፍስስ፣ እንጀራሽ አይጉደል፣ የሚወድሽ ይብዛ። ደብዳቤዬ የዘገየው ስላመመኝ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ስላጣሁ ነው። ይህን የምጽፈው አክስትሽ ጎረቤት ቤት በሄደችበት ነው፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢሮጥ ይቅር በዪኝ።

የወሬውን ምሳሌ ነገርኳት። «ወሬማ ሲሻገር መልኩ ይለወጣል፤ የእኔ ፊት እንደ ወሬ ሊሆን ነው?» አለች። አይ፣ ካሜራው አይደርቅም ማለቷ ነው ብላት፣ «መጀመሪያ ይደርቃል አልከኝ፣ አሁን አይደርቅም ትለኛለህ፤ ልጅቷ አንሶላ አጣቢ ናት፣ ስለ ቧንቧ የማምነው አንተን ነው» ብላ አፌን ዘጋችው። ዕድሜ ልኬን ሙያዬን እንድታምን ስለምናት ኖሬ፣ ያመነችኝ በተሳሳትኩበት ቀን ሆነ።

የካርዷንም ነገር ሞከርኩ። ካሜራውን አንስቼ ስሩን ልከፍት ስል በሩ ላይ ቆማለች። «ሆዱን ልትከፍትበት ነው?» አለች። እጄን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ እንደ ዱሮው አይደለም፣ ይንቀጠቀጣል። «ጥለህ ትሰብረዋለህ» አለችኝና ከእጄ ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው። እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት የጸሐፊዋ ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ። ሌላ ሠራተኛ ጥሪ ልላት ነበር፤ ክብሬ አልፈቀደልኝም። አልጋ ስር ያለውን የመሣሪያ ቦርሳዬን ጎትቼ አወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። እጄ እንዲህ ከሆነ ወዲህ መፍቻዬን ማየት ይከፋኛል፣ አክስትሽም ይህን ታውቃለች። ከፈትኩት። ከትልቁ መፍቻ ስር የጨርቅ ጥቅልል አገኘሁ። ስፈታው የካሜራው ገመድ ነው፤ ተጠቅልሎ፣ በልብስ መስፊያ ክር ታስሮ። ድንቢጥ፣ ያቺ ሴት ዕቃ መደበቂያ ስትፈልግ የእኔን ሐዘን መርጣ እዚያ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥፋቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የላይኛው ይደርቃል ያልኩት እኔ። ፎቶው ከሄደ ካሜራው ባዶ ይቀራል፣ ባዶውን ደግሞ ማንም ተመልሶ አይፈልገውም ብላ ፈርታለች። ገመዱን መልሼ እንደነበረው ጠቀለልኩት። ቦርሳውን መልሼ ገፋሁት። የጸሐፊዋን ቧንቧ በእጄ አጥብቄ በላስቲክ አሰርኩላት፤ እስካሁን ትንሽ ያንጠባጥባል።

አሁን ምን ላድርግ? አውቄብሻለሁ ብላት በሰው ፊት እንደተያዘ ሌባ ታፍራለች። አላውቅም ብዬ ዝም ብል ደግሞ አንቺ ባዶ ግድግዳ ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ። መቼ እንደምትመጪ ብትነግሪን ኖሮ ገመዱን በራሷ እጅ ታወጣው ነበር። ያለፈውን ጥያቄዬን ዘለልሽው። ሰው ደህና ወሬ አይዘልም፤ ቁርጡን ንገሪኝ።

ጋሼሽ


የካቲት 20

ይድረስ ለጋሼና ለአክስቴ፤

ጤና፣ ሰላምና ረጅም ዕድሜ እመኝላችኋለሁ። አክስቴ፣ ሻንጣዬ ውስጥ የጨመርሽልኝ ሹራብ እዚህ ካሉት ሁሉ ይሞቃል። አንዷ ሽጪልኝ ብላኝ እምቢ አልኳት። በእረፍት ቀኔ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ዞር ዞር እላለሁ። ጥሩ እበላለሁ። ሥራዬን ይወዱልኛል፤ አለቃዬ አዲስ የገቡትን እንዳለማምድ ሰጥታኛለች።

ጋሼ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለራስዎ ያንብቡ።

እውነቱ ይህ ነው። እንደተመለስኩ ሰሞን ውሌን አደስኩ። ለሦስት ዓመት ነው። ባላድስ ኖሮ የመኖሪያ ፈቃዴ ያበቃ ነበር፤ በመሃል ወጥቼ ልምጣ ብል ደግሞ ተመልሼ አልገባም። አለቃዬ ወረቀቱን የዘረጋችልኝ ልብስ መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጄ እርጥብ ስለነበር መጀመሪያ በፎጣ አደረቅኩት፣ ከዚያ ፈረምኩ። በመጪው ዓመት አልመጣም። ከእናንተ ስለይ እንደማድሰው አውቅ ነበር፤ ልነግራችሁ ስል ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ስለዚህ ገመዱን ባለበት ይተዉት። ፎቶውም ይቅር፣ ግድግዳዬም ባዶ ይሁን። አክስቴ በየጠዋቱ ካሜራውን እየጠረገች ትመጣለች ብላ ብትኖር ይሻላል። ከእሷ ተስፋ ነጥቄ የምለጥፈው ፎቶ እንቅልፍ አይሰጠኝም።

እዚህ አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ከዚያ ወዲህ ትመጣለች፣ እኔ ከዚህ ወዲያ እሄዳለሁ፣ መሃል ላይ እጃችን ይገናኛል። ጫፉን ተቀብያት እንደገና እንራራቃለን። አክስቴና እኔ ጓሮ ውስጥ እንዲሁ እናደርግ ነበር። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀበለው። ናፍቃችሁኛል ጋሼ። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ ነበር፣ የለም።

ድንቢጥ


ሚያዝያ 8

ይድረስ ለዓይናችን ማረፊያ ለድንቢጥ፤

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ የጀመርሽው ይለቅልሽ።

ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብላት ለራስዎ ያንብቡ ካልሽው ጋ ደረስኩና ሳልኩ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩና «እንግዲህ ሰላም ሁኑ ብላለች» አልኩ። አክስትሽ ከስፌቷ ቀና አለች።

«አፍህ ከቆመ ቆየ፤ ዓይንህ ግን ገና እየወረደ ነበር» አለች።

«ሰላምታውን እየደገምኩ ነው።»

«ሰላምታ ፊትህን እንዲህ አያደርገውም። አንብብ።»

ከገመዱ ነገር በቀር እስከ ዛሬ ከእሷ ደብቄ ያቆየሁት የለም፤ ይኸኛውንም ማቆየት አቃተኝ። ሁሉንም አነበብኩላት። ገመዱ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። ሦስት ዓመቱ ጋ ስደርስ የጀመረችውን የሸሚዜን ቁልፍ መስፋት አቆመች። የአንሶላው ጋ ስደርስ ተነስታ ወጣች።

ጓሮ ቆይታ ተመለሰች። ፊቷን ታጥባለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ቦርሳዬን ከአልጋ ስር ጎተተችው። እኔ ልርዳሽ አላልኳትም። ጨርቁን ፈትታ ገመዱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና «በል ተነሳ፣ ጸሐፊዋ ሳትወጣ እንድረስ» አለችኝ።

ካሜራውን እሷ ራሷ ተሸክማ ሄደች። ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ገጠመችው፤ እኔም ዳገት ቁልቁለት አላልኩም። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መጡ። የመርፌዋ ስትመጣ ጸሐፊዋ መስታወቱን እስኪሞላ ድረስ አሰፋችው። አክስትሽ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋች። ራሷን እንዲህ በትልቁ አይታ አታውቅም።

«ይቺ ሴት አርጅታለች» አለች። ቀጥላም «ድንቢጥ የናፈቃት ይሄ ፊት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እኔም ሳየው ምን እንደናፈቀሽ ገባኝ።

ሁሉም ሲያልቅ «አሁን ካሜራው ደረቀ?» አለች። ጸሐፊዋ ገመዱን ነቅላ ካሜራውን አብርታ ሰጠቻት። ያቺው ትንሿ አክስትሽ መርፌዋን ይዛ እዚያው ቁጭ ብላለች። ከኮምፒውተሩ ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ ኮምፒውተሩ ደጋግማ አየች።

«ሄዶም ቀረ?»

«አዎ እማማ፣ ሁለቱም ጋ አለ።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ቧንቧ ሠራተኛ!» አለችኝ። ቤት ስንገባ ደብዳቤ ጻፍልኝ አለች። ያለችውን ሳልቀንስ ሳልጨምር እነሆ።

«ድንቢጥዬ፣ ገመዱን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ጋሼሽ እንደነገረሽ አውቄያለሁ፤ የእሱ አፍ ራሱ እንደገጠመው ቧንቧ ያንጠባጥባል። አልተቀየምኩትም። ዕቃሽ እጄ ላይ ካለ አንቺም ያለሽ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ልጅ በዕቃ አይያዝም። ሦስት ዓመት ዓይኔ ያደርሰኝ እንደሆን አላውቅም፤ እሱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። አንቺ ግን አክስቴ ትጠብቀኛለች እያልሽ በሄድሽበት አገር አንድ እግርሽን አንስተሽ እንዳትኖሪ። ሁለቱንም እግርሽን አሳርፊ። የጸሐፊዋ ወንድም በሰኔ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ይመጣል። ካሜራሽን በእጁ እልክልሻለሁ። እዚያ የምትወጃቸውን ሰዎች አንሺበት። ክፍልሽንም ለጸሐፊዋ እህት እናከራየው ይሆናል፤ ባዶ ክፍል እኔን አይበጀኝም። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ግን ትንሽ አዝኜብሻለሁ። እኔ ለዚህ ብዬ የማለቅስ ሴት መስዬሽ ነው? አለቀስኩ፣ አለፈ።»

እዚህ ላይ አቆመች። ሲዲው በሁለት ካርቶን መሃል ነው። ሲደርስሽ ደህንነትሽን ጻፊ። ካሜራውን ሹራብ ውስጥ ጠቅልላ አዘጋጅታዋለች፤ መደርደሪያው ባዶውን ሆኖ ሳየው እኔንም ከፋኝ።

ጋሼሽ


ግንቦት 4

ይድረስ ለአክስቴ፤

ጋሼ፣ ይህን ሳይስሉ እስከ መጨረሻው ያንብቡላት። ለሁለታችሁም ጤናና ሰላም ይብዛ። ሲዲው ሳይሰበር ደርሷል። አለቃዬ ቢሮዋ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ፈቀደችልኝ፤ ሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ነው የሮጥኩት። የመጣሁ ዕለት ጋሼ ሻንጣዬን ሲጎትቱ አለ፣ የጓሮው ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ አለ፣ የደጁ በር አለ። አንቺን መጨረሻ ላይ ነው የከፈትኩሽ፤ ለራሴ ጊዜ እየሰጠሁ።

አክስቴ፣ አላረጀሽም። ግንባርሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ ረስቻት ነበር፤ በየትኛው ቅንድብሽ በኩል እንደሆነች ለማስታወስ ስንት ጊዜ ታግዬ አቅቶኝ ነበር መሰለሽ። በግራ በኩል ናት። ይህንን ሳውቅ እዚያው ቢሮ ውስጥ አለቀስኩ። አለቃዬ ፎቶሽን በወረቀት አትማ ሰጠችኝ። አሁን አልጋዬ ራስጌ ነሽ። ያቺ ከእንቁላል ነው የተፈለፈልሽው ያለችኝ ልጅ ቆማ አየችሽና «እናትሽ ናት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለነገሩ ሁሌም እንደዚያ ብዬ ነው የማስበው፤ በአፌ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው።

ስለ ውሉ ያልነገርኩሽ ታለቅሻለሽ ብዬ አይደለም። ስነግርሽ እኔ እንዳላለቅስ ነው።

ክፍሉን አከራዩት፣ ደግ አሰባችሁ። ለእህቷም ሰላም በሉልኝ። ካሜራውን ግን ለጸሐፊዋ ወንድም እንዳትሰጪው። ሰጥተሽው ከሆነም ተቀበዪው። ከሹራቡ ፍቺውና ባለበት መልሺው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከገባ ደግሞ አንቺ ራስጌ ይሁን።

አልረሳሁትም አክስቴ። ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ ታክሲው ደጅ ላይ ቆሞ፣ አንቺ ሹራቡን ልታመጪ ስትወጪ፣ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዕቃ የረሳ ሰው ይመለሳል የሚለውን የሰማሁት ከአንቺ እንጂ ከማን ነው?

ድንቢጥሽ